ስለ ብስክሌት የሚጠየቁ ጥያቄዎችና በደጋ አገር የሚሰጡ መልሶች

ብስክሌቱን እየገፋ ከጠጋኝ ፊት የሚደርስ ሰው ጥያቄው አጭር ነው፤ «ምን ሆነብኝ?» ይላል እንጂ «ምን አደረግሁት?» አይልም። መልሱም እንደ ጥያቄው አጭር እንዲሆንለት ይወዳል፤ ጠጋኙም የሰው ብዛትና የፀሐይ መክረር ስለሚያስቸኩለው ጎማውን ለጥፎ፣ ሰንሰለቱን ቀብቶ ያሰናብተዋል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ስሟን ከዕለተ ረቡዕ ገበያ ባገኘችው በሮብ ገበያና እርሷን በመሰሉ የሳምንት ገበያዎች ዙሪያ ስለ ብስክሌት የሚመላለሱትን ጥያቄዎች ሰብስቦ የተመለከተ ሰው ግን፣ ጥያቄዎቹ ቢበዙም ምንጫቸው ጥቂት እንደ ሆነ፣ ከመልሶቹም ከፊሎቹ በልማድ የጸኑ እውነቶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ በልማድ የጸኑ ስሕተቶች እንደ ሆኑ ማስተዋሉ አይቀርም። በዚህ ዳሰሳ የምንመረምረው እነዚህኑ መልሶች ነው፤ ጠጋኙን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ለሜዳ አገር የተጻፈ መመሪያ በደጋው ጭቃና በደጋው አየር ፊት ምን ያህል እንደሚጸና ለመመዘን ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሞቹ ጥቂት ማለት ይገባል። ጠጋኙ በየቀኑ የሚጠራቸው ዕቃዎች፣ ጎማው፣ ካላማዳሪው፣ ካንቢዮው፣ ኩሽኔታው፣ ዳዶው፣ ካቻቢቴው፣ ፓራፋንጎው፣ ግራሶው፣ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ብስክሌት የሚለውም ስም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ይመስላል። ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ሌሎቹ የጎጃም አርበኞች በዚህ አገር ተራራና ሸለቆ ጠላትን ሲፋለሙ ኖረው በ1933 ዓ.ም. ጠላት ለቅቆ ቢሄድም፣ ቃሉ በጠጋኙ ሣጥን ውስጥ ተሸሽጎ ቀርቷል። ቃሉን ከእነ ባለቤቱ እናባርር የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ እስከዚያው ግን ስሞቹን ማጥናት ይጠቅማል፤ የዕቃውን ስም የማያውቅ ሰው በጣቱ እያመለከተ ስለሚገዛ ብዙ ጊዜ ያልፈለገውን ይዞ ይመለሳልና።

የመሣሪያውም ታሪክ ለጉዳያችን የሚያስፈልገው በጥቂቱ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ፔዳል የሌለው፣ በእግር መሬት እየተገፋ የሚሄድ ባለ ሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያ አሳየ፤ በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሰንሰለት የኋላውን መንኰራኵር የሚነዳበትን «ሮቨር» የተባለውን አወጣ፤ በ1888 ደግሞ ስኮትላንዳዊው የእንስሳት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት በአየር የሚሞላ ጎማ ሠርቶ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢጨመርም የመሠረቱ ቅርጽ ሳይለወጥ ስለ ቆየ፣ ከመቶ ዓመት በፊት የተሰጠ ቅን መልስ ዛሬም ቅን መልስ ነው። አገራችን ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሰለፍ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች ከሯጮቿ ጋር እንደ ነበሩ፣ ጽጋቡ ግርማይም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ እኛ የያዝነው የእነዚያን ጀግኖች ጉዳይ ሳይሆን፣ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲገሠግሥ ሰንሰለቱ የሚወልቅበትን የአስተማሪውን ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው የአየር ጥያቄ ስለ ሆነ ከእርሱ እንጀምር። ከቈላ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ «መንፊያዬ ደከመ» ብሎ ያማርራል፤ ቀድሞ በጥቂት ግፊት የሚጠነክርለት ጎማ አሁን ክንዱ እስኪዝል ድረስ ቢነፋውም ለስላሳ ሆኖ ይቆየዋልና። መንፊያው ግን አንዳች ነውር የለበትም። የቢቸና ደጋ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ መንፊያው በእያንዳንዱ ስበት የሚቀበለው አየር በዚያው መጠን የሳሳ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ 60 ጊዜ ተነፍቶ የሚጠነክር ጎማ በዚህ 80 ጊዜ ያህል መነፋት ይገባዋል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጎማውን ጐደሎ አድርጎ ይነዳል፤ የጐደለውም ጎማ ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። እንግዲህ ሁለት ቀዳዶች ተቀራርበው ጎን ለጎን የተገኙ እንደ ሆነ እሾህ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ በደለኛው የአየር ማነስ ነው። «እንዳይፈነዳብኝ ብዬ ጥቂት ነፋሁ» የሚለው ጥንቁቅ ሰው ነው የፈራውን በገዛ እጁ የሚያመጣው። «በአውራ ጣትህ ተጭነህ እየው» የሚለው የገበያ መልስ ለሰፊ ጎማ መጥፎ አይደለም፤ የሚበልጠው ግን በጎማው ጎን የተጻፈውን ቍጥር አንብቦ፣ የነጂውም የጭነቱም ክብደት የሚያርፈው አብዝቶ በኋላው ላይ ስለ ሆነ ለኋላው ጨመር አድርጎ መንፋት ነው።

የእሾህ ነገር ሲነሣ ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ የደረሰበትን አይረሳውም። በአንድ ቀን አንዱን ጎማ ሁለት ጊዜ አስጠግኖ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ቀረ፤ ልጣፉ ሁለቱንም ጊዜ ደኅና ነበር። ሦስተኛው ጠጋኝ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ካላማዳሪውን ከመንካታቸው በፊት አሮጌ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ሲያሳልፉ ጨርቁ በአንድ ስፍራ ተያዘ፤ ከዚያም የሰበዝ ጫፍ የምታክል የግራር እሾህ ነቅለው በመዳፉ ላይ አኖሩለት። ጣት ሳይሆን ጨርቅ ይሁን ማለታቸው ጣት ስለሚደማ ነው። የቀረው ሥርዐት የታወቀ ነው፤ ቀዳዳው በውኃ ሣህን ውስጥ በሚወጣው አረፋ ይታወቃል፤ ውኃ በሌለበት ካላማዳሪውን ነፍቶ በከንፈር አጠገብ ማዞር ነው፤ ከንፈር ዓይን ያላየውን ትንፋሽ ይሰማል። ስፍራው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ማስቲሽ ይቀባል፤ ከዚህ ላይ ግን አብዛኛው ሰው ይሳሳታል፤ ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ልጣፉን ይጭንበታልና። ማስቲሽ የሚይዘው ከደረቀ በኋላ ነው፤ ብልጭታው ጠፍቶ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል። ልጣፉም ከአሮጌ ካላማዳሪ ቢቈረጥ፣ እርሱም በሚገባ እስከ ተፋቀ ድረስ፣ ከሱቅ ልጣፍ አያንስም። ልጣፍም ማስቲሽም ከሌለ፣ መንደርም ሩቅ ከሆነ፣ ጎማውን በሣር ወይም በጤፍ ጭድ ጠቅጥቆ ቀስ እያሉ መሄድ ይቻላል፤ አካሄዱ የሚያምር አይደለም፤ ቸርኬውን ግን ከመጣመም ያድናል።

ጎማው ጨርሶ ያረጀበት ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ «ባለ 26 ስጠኝ» ይላል፤ ባለ ሱቁም ይሰጠዋል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ሁለቱም ይሳሳታሉ። ባለ 26 የሚባለው ጎማ አንድ ዓይነት አይደለምና። ለተራራ ብስክሌት የሚሆነው ሰፊው ጎማ በቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ስፋቱ 559 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቀድሞው የእንግሊዝ ስልት ቀጭን ባለ 26 ጎማ 590 ነው፤ በ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱ በሌላው ላይ ሊቀመጥ አይቻለውም። የቻይናው ትልቅ ጥቁር ብስክሌት ባለ 28 ተብሎ 635 ሲሆን፣ ዛሬ ባለ 29 የሚባለው አዲሱ ጎማ ደግሞ 622 ነው፤ ስለዚህ 28 ከ29 የሚበልጥበት ሒሳብ ከብስክሌት ሱቅ በቀር በየትም አይገኝ። መድኃኒቱ በአሮጌው ጎማ ጎን እንደ «50-559» ሆኖ በሁለት ክፍል የተጻፈውን ቍጥር በወረቀት ገልብጦ መያዝ ነው፤ ፊተኛው ውፍረቱን፣ ኋለኛው ክቡን ያመለክታል፤ ኋለኛው ቍጥር ካልተባበረ ማንኛውም ምሥክርነት አይረዳም።

ወደ ጭቃው እንምጣ። የቢቸናን ጤፍ የሚያበቅለው ጥቁር መሬት፣ ዋልካው፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይደርቃል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን እንደ ሊጥ ሆኖ የነካውን ሁሉ ይይዛል። በመመሪያ መጻሕፍት ፓራፋንጎ ከጭቃ የሚያድን ዕቃ ተብሎ ይመሰገናል፤ በዋልካ መንገድ ግን ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ መንኰራኵሩን እስከ ማቆም ይደርሳልና፣ ሰው ተቀምጦበት ይሄድ የነበረው ብስክሌት በሰው ትከሻ ተቀምጦ የሚሄድበት ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ በክረምት የፊተኛውን ፓራፋንጎ ፈትተው በቤት የሚያኖሩ ወጣቶች፣ ሽማግሌዎች ቢስቁባቸውም፣ ልክ ናቸው፤ መፍታት የማይወድ ሰው ጭቃ መፋቂያ እንጨት ከቴላዮው፣ ከብስክሌቱ አጽም፣ ጋር አሥሮ ይያዝ። ጭቃውን ለማስለቀቅ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ብስክሌቱን እስከ መካከሉ መንከር ግን ክፉ ልማድ ነው፤ ውኃው አሸዋውን ይዞ ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ይህን ያደረገ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ መንኰራኵሩ እንደ ወፍጮ ሲፈጭ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ዘንጉን ፈትቶ፣ የኩሽኔታውን ጥይቶች በላምባ አጥቦ አድርቆ፣ በአዲስ ግራሶ መመለስ ነው። ጥይቶቹ በብዙ ብስክሌት ከፊተኛው መንኰራኵር በየጎኑ 10፣ ከኋላው በየጎኑ 9 ናቸው፤ ቍጥሩ የጠፋበት ሰው ጽዋውን በጥይት ሞልቶ አንዱን ቢያወጣ አይሳሳትም። አጥብቆ ማሰር እንደ ማላላት ያጠፋል፤ መንኰራኵሩ ተነሥቶ ሲለቀቅ በገዛ ክብደቱ ዞሮ የሚቆም፣ በእጅ ሲነቀነቅ ግን የማይወዛወዝ መሆን አለበት።

ስለ ዘይት በገበያ የሚሰጠው መልስ ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተው ነው ብንል አላጋነንም። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት በነጻ ስለሚገኝ ለሰንሰለት መድኃኒት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሞተሩ የተፋቀውን የብረት ዱቄት ተሸክሞ ስለሚመጣ ሰንሰለቱን እያለሰለሰ ይሞርደዋል። የኑግ ዘይት የሚቀቡም አሉ፤ ጎጃም ኑግ አያጣምና። ኑግ ግን በአየር ሲቆይ እየወፈረና እየተጣበቀ የሚሄድ ዘይት ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ዝም ያሰኘውን ሰንሰለት በሳምንቱ አቧራ የተለጠፈበት ቅርፊት ያደርገዋል። ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት እንኳ ከሁለቱ ይሻላል፤ ዝናብ ቶሎ ስለሚያጥበው ደጋግሞ መቀባት ይጠይቃል እንጂ። የሁሉም ምሥጢር ግን ከዘይቱ ዓይነት ይልቅ በአቀባቡ ላይ ነው፤ ዘይት ለሰንሰለቱ ውስጥ እንጂ ለውጭው አያስፈልገውም። በየመጋጠሚያው አንዳንድ ጠብታ አድርጎ፣ ፔዳሉን ጥቂት አዙሮ፣ ከዚያ በጨርቅ እስኪደርቅ ድረስ መጥረግ ነው። በዘይት ርሶ የሚያብረቀርቅ ሰንሰለት ለዓይን ያማረ ቢሆንም አቧራውን እንደ ማር ይሰበስባል።

ሰንሰለት ስለ ምን ይወልቃል ቢሉ፣ የቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ለረጅም ዘመን በጸናበት በዚህ አገር ለአንዱ ንባብ ብዙ ሐተታ መስጠት እንግዳ አይደለምና፣ እንዲህ ይተረጐማል። ላልቶ ነው፤ ካንቢዮ በሌለው ብስክሌት ሰንሰለቱ መካከሉን በጣት ሲነሣ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ያህል መውጣትና መውረድ ሲገባው ከዚያ አልፏል፤ የኋላውን ዘንግ ወደ ኋላ ስቦ ማሰር ነው። አንድም የኋላው መንኰራኵር በአንድ ወገን አዘንብሎ ታስሮ፣ የፊተኛውና የኋላው ጥርስ በአንድ መሥመር ሳይቆሙ ቀርተው ነው። አንድም ከመጋጠሚያዎቹ አንዱ ዝጎ ደርቆ፣ በዞረ ቍጥር በዚያው ስፍራ እየዘለለ ነው፤ ያን በእጅ እያጠፉ በዘይት ማለስለስ ነው። አንድም አርጅቶ ተለጥጦ ነው። የመጨረሻው ሐተታ በመለኪያ የሚፈረድ ነው፤ የሰንሰለት መጋጠሚያ ከሚስማር እስከ ሚስማር 12.7 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ 24 መጋጠሚያዎች በአዲስነታቸው 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ 306.4 ከደረሱ ሰንሰለቱን መለወጥ፣ 308 ካለፉ ግን አሮጌው ጥርስ አዲሱን ሰንሰለት ስለማይቀበለው ጥርሱንም አብሮ መለወጥ ነው። ልኩ በብረት ማስመሪያ ይሁን፤ የልብስ ሰፊ ሜትር እርሱም ራሱ ስለሚለጠጥ በተለጠጠ መስካሪ የተለጠጠን አይፈርዱበትም።

የግራው ፔዳል አልፈታ ብሎ ቁልፍ ያሰበረውን ሰው ቍጥር እግዚአብሔር ይወቀው። ሰው ሁሉ ብሎን ወደ ግራ ሲዞር እንደሚፈታ ስለሚያውቅ በኃይል ወደ ግራ ያዞረዋል፤ የግራው ፔዳል ጥርስ ግን በተቃራኒው የተቈረጠ ስለ ሆነ በዚያ ኃይል እየጠበቀ ይሄዳል። ስለ ምን እንዲህ ተደረገ ቢሉ፣ እርሳስ በታጠፉ ጣቶች መካከል ላላ አድርጎ ይዞ ጫፉን በክብ ማዞር ነው፤ እርሳሱ እጁ ከዞረበት በተቃራኒ በራሱ ላይ ሲሽከረከር ይታያል። የፔዳሉም ዘንግ በእግር ጭነት ሥር እንደዚያው ቀስ በቀስ ስለሚሽከረከር፣ ሁለቱም ጎን በአንድ ዓይነት ጥርስ ቢሠሩ የግራው በመንገድ ላይ ተፈትቶ ይወድቅ ነበር። ግራና ቀኙን ማስታወስ የሚቸግረው ሰው ይህን ብቻ ይያዝ፤ ቁልፉ ወደ ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ኋላ ከተሳበ ይፈታል፣ ወደ ፊት ከተገፋ ይጠብቃል፤ ይህ ለሁለቱም ወገን እውነት ነው።

ፍሬን በበጋ ማንንም አያስቸግርም። የብረት ቸርኬ በዝናብ ሲርስ ግን ፍሬኑ የያዘ እየመሰለ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በክረምት ቁልቁለት ከመድረስ አስቀድሞ ፍሬኑን ቀለል አድርጎ በመያዝ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ርቀቱንም አብዝቶ መገመት ይገባል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ሳያቋርጡ የያዙት ፍሬን ቸርኬውን ስለሚያግለው ልጣፉ ሊለቅ፣ ካላማዳሪውም ሊፈነዳ ይችላል። ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ የፊተኛውንና የኋላውን ማፈራረቅ፣ በየመካከሉም ወርዶ ማሳረፍ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ በመመሪያ የማይገኙ ጥቃቅን ጥያቄዎች ይመጣሉ። ጋቢ ለብሶ በብስክሌት መሄድ ይቻላል ወይ ቢባል ይቻላል፤ ጫፉ ግን በወገብ ዙሪያ ካልታሰረ በሰንሰለቱ ወይም በኋላው መንኰራኵር ሽቦዎች ተይዞ ባለቤቱን ከነክብሩ ይጥለዋል፤ የሱሪም ቀኝ እግር እንዲሁ በክር ይታሰር። መቀመጫው ምን ያህል ከፍ ይበል ቢባል፣ ፔዳሉ ወደ ታች በደረሰ ጊዜ ተረከዝ ተጭኖበት እግር ቀጥ የሚልበት ልክ ነው፤ ጉልበቱን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ ዝቅ ባለ መቀመጫ የተቀጣ ሰው ነው። ውሻ ቢያባርርስ ቢባል፣ በሜዳ ካልሆነ በቀር ለማምለጥ አለመሞከር፤ ወርዶ ብስክሌቱን በራስና በውሻው መካከል አድርጎ መቆም፤ የሚሮጥለት ነገር ያጣ ውሻ ብዙውን ጊዜ ነገሩን ይተወዋል።

በመጨረሻ፣ ያገለገለ ብስክሌት ሊገዛ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ምን ይመልከት የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ቀለሙን አይመልከት፤ አዲስ ቀለም ስንጥቅ ሊሸፍን ይችላልና፣ መሪው ከቴላዮው የሚገናኝበትን ስፍራ በጥፍሩ ይፈትሽ። መንኰራኵሮቹን አንሥቶ እያዞረ ጣቱን በፍሬኑ ጫፍ አጠገብ አኑሮ መወዛወዛቸውን ይይ። ከዚያም ባለቤቱን አስፈቅዶ፣ ገበያው ዳር ወደ ረጠበ ዋልካ ወይም ወደ ላመ አቧራ ወስዶ፣ ሳይነዳው ቀጥ አድርጎ እየገፋ አሥር እርምጃ ያህል ይሂድና ዞሮ ፈለጉን ይመልከት። ቴላዮው ቀጥ ያለ ብስክሌት የኋላው መንኰራኵር የፊተኛውን ፈለግ ስለሚረግጥ አንድ መሥመር ይተዋል፤ ተጋጭቶ የተጣመመ ብስክሌት ግን ጎን ለጎን ሁለት መሥመር ይተዋል፤ ሁለት ካየ ገንዘቡን በኪሱ እንዳለ ይዞ ወደሚቀጥለው ሮብ ያቆየው።